ከሐዋሳ ተነስቶ ዶርዜን መጎብኘት፦ ደረጃ በደረጃ

ስለ ዶርዜ ሐዋሳ ላይ ደጋግመን የምንጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጠዋት ወጥተን ማታ መመለስ እንችላለን ወይ?» አትችሉም። መንገዱ ለመሄጃ ብቻ ከ270 ኪሎ ሜትር አያንስም። ጎሕ ሲቀድ ብትነሱ እንኳ መንደሩ የምትደርሱት ከሰዓት በኋላ፣ ደጋው ጭጋግ ሲለብስ ነው። ያን ጊዜ ገበያተኛው መበተን ጀምሯል፣ እናንተም ዓይናችሁ ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተጻፈው ቢያንስ ለሦስት ቀንና ለሁለት ሌሊት ጉዞ ነው። በሕዝብ ማመላለሻ የምትሄዱ አንድ ቀን ጨምሩበት።

በቀርከሃ ቤቶቹና በሸማኔዎቹ የሚታወቀው ዶርዜ በጋሞ ዞን፣ ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው ደጋ፣ ወደ ጨንቻ በሚወጣው መንገድ ላይ ይገኛል። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,285 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጨንቻ ደግሞ ከ2,700 ሜትር ትበልጣለች። ይህን የከፍታ ልዩነት ከልብ ያዙት። የምትለብሱት ልብስ፣ የመኪናችሁ ፍሬን፣ የምትነሱበት ሰዓት፣ ሁሉም የሚወሰነው በእሱ ነው።

1. ቀኑን በገበያው ቁረጡ

የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ፣ የጨንቻ ገበያ ማክሰኞና ቅዳሜ ይቆማል። ጉዞውን ከገበያው ቀን ወደ ኋላ ቆጥራችሁ አስሉ። ሥራ ላላችሁ የሚመቸው ዓርብ ከሐዋሳ ተነስቶ አርባ ምንጭ ማደር፣ ቅዳሜ የጨንቻን ገበያ አይቶ ዶርዜ ማደር፣ እሑድ መመለስ ነው። ፈቃድ መውሰድ ከቻላችሁ ረቡዕ ተነስታችሁ ሐሙስ የዶርዜን ገበያ ያዙ፤ እንግዳ ስለሚቀንስ አስጎብኚውም ሆነ ባለ ቤቶቹ ጊዜ ይሰጧችኋል። ገበያ በሌለበት ቀን ከደረሳችሁ ቤቶቹን ታያላችሁ፤ ደጋውና ቆላው እንዴት እንደሚገናኙ ግን ያመልጣችኋል፤ ከታች የመጣው ጥጥ፣ ከላይ የወረደው የእንሰት ምርት፣ ቀርከሃው፣ ሸማው የሚገናኙት ገበያው ላይ ነው።

ከወቅቱ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት ያለውን ምረጡ። በመጋቢትና በግንቦት መካከል፣ እንዲሁም በክረምት፣ ዝናቡ ዳገቱን ያንሸራትታል፣ እይታውንም ጭጋግ ይሸፍነዋል። መስቀል ለብቻው ይታይ። የጋሞ ሕዝብ ትልቁ በዓል እሱ ነው፤ ሽመና ይዘው በየከተማው የሚኖሩ የዶርዜ ልጆች ወደ ቤታቸው ይገባሉ። በዓሉን ማየት ከፈለጋችሁ ማደሪያውን ከሳምንታት በፊት ያዙ። ቤቶቹ በራሳቸው እንግዳ የተጨናነቁ መሆናቸውንም አስቡ።

2. ከመነሳታችሁ በፊት ዋጋውን ከነዝርዝሩ ተስማሙ

በዚህ ጉዞ ላይ ጭቅጭቅ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ተወድዶ አይደለም፤ ምን ምን እንደሚጨምር ሳይነጋገሩ ስለሚኬድ ነው። አርባ ምንጭም ዶርዜም ላይ የአካባቢ አስጎብኚዎች አሉ። ስልክ ስትደውሉ እነዚህን አንድ በአንድ ጠይቁና መልሱን ጽፋችሁ ያዙ፦

– የመንደሩ መግቢያ ክፍያ ስንት ነው? የሚከፈለው በሰው ነው በቡድን? ደረሰኝ አለው?
– የአስጎብኚው ክፍያ በሰዓት ነው በቀን?
– ቤት ውስጥ መግባት፣ የሽመናና የቆጮ ሥራ ማየት፣ ቆጮና አረቄ መቅመስ ተካትቷል?
– ፎቶ ማንሳት ለብቻው ይከፈልበታል?
– ጭፈራ ካለ የሚመጣው ስትጠይቁ ነው ወይስ ሳትጠይቁም?
– ማደሪያው የቀርከሃ ቤት ከሆነ ብርድ ልብስ ስንት ይሰጣል? እራትና ቁርስስ?

ደረሰኝ የምትጠይቁት ሰውን ስለማታምኑ አይደለም። መግቢያው በደረሰኝ ሲሰበሰብ ገንዘቡ ቤታቸው ለተጎበኘው ሁሉ ሊደርስ ይችላል፤ በእጅ ሲሰጥ መንገድ ላይ ቀድሞ ያገኛችሁ ሰው ጋ ይቀራል። መኪናው ሳይቆም ሮጦ መጥቶ «እኔ ነኝ አስጎብኚ» የሚላችሁን በትህትና አመስግኑና የተነጋገራችሁትን ሰው ጠብቁ።

3. ዕቃችሁን አዘጋጁ

ለአንድ ሰው፦

– መታወቂያ፣ ኦሪጅናሉ። ምክንያቱ ደረጃ 4 ላይ አለ።
– ወፍራም ሹራብ ወይም ጃኬት 1፣ ዝናብ የማያስገባ ልብስ 1፣ ወፍራም ካልሲ 2 ጥንድ። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ አርባ ምንጭ ላይ በቲሸርት ያላባችሁ ሰዎች ከአንድ ሰዓት በኋላ ደጋው ላይ ትንቀጠቀጣላችሁ። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል።
– ሶሉ ጥርስ ያለው ዝግ ጫማ። የመንደሩ መተላለፊያ ቁልቁለት ነው፣ ጠዋት ደግሞ ጤዛ አለው። ለስላሳ ስኒከር ያንሸራትታል።
– የእጅ ባትሪ 1። የስልክ ባትሪ በብርድ ቶሎ ይወርዳል፣ ሌሊት ሽንት ቤት ደግሞ ውጭ ነው።
– ውኃ 2 ሊትር፣ ለሌሊቱም የሚሆን። ባዶውን ጠርሙስ መልሳችሁ ይዛችሁ ውረዱ።
– የራሳችሁ አንሶላ ወይም የመኝታ ከረጢት ውስጠኛ ጨርቅ። ቆዳው በቁንጫ ለሚቆጣ ሰው ይህ ግዴታ ነው።
– ለአርባ ምንጭ ሌሊት የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት።
– ጥሬ ገንዘብ በዝርዝር፦ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች። ኤቲኤም አርባ ምንጭ ላይ ጨርሱ። ቴሌብር ኔትወርክ ሲኖር ይሠራል፤ ገበያ ላይ ሙዝ ወይም ቅቤ የምትሸጥ እናት ግን የምትፈልገው ዝርዝር ብር ነው።
– አስም ያለበት ሰው የሚነፋውን መድኃኒት በኪሱ ይያዝ። ቤቶቹ ውስጥ ጭስ አለ።

በራሳችሁ መኪና ከሆነ በአየር የተሞላ ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ ሁለት ትልልቅ ድንጋይ ወይም የእንጨት ታኮ ጨምሩ። የፍሬን ሸራና የፍሬን ዘይት ሐዋሳ ላይ ሳይታይ አትውጡ። ሸራው ሊያልቅ የተቃረበ መኪና ሐዋሳ ሜዳ ላይ ምንም ስለማይሰማው ባለቤቱ አያውቅም። የሚታወቀው ከጨንቻ ሲወርድ ነው።

4. ሐዋሳ–አርባ ምንጭ

መንገዱ ሐዋሳ፣ ሻሸመኔ፣ ሃላባ ቁሊቶ፣ ወላይታ ሶዶ፣ ምዕራብ አባያ፣ አርባ ምንጭ ነው። በራስ መኪና ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ያዙለት። በዚህ ጉዞ አራት ክልሎችን ታልፋላችሁ፦ ሲዳማን፣ ሻሸመኔ ላይ ኦሮሚያን፣ ሃላባ ላይ ማዕከላዊ ኢትዮጵያን፣ ከዚያ ደቡብ ኢትዮጵያን። ኬላዎች ላይ ተሳፋሪው ሁሉ መታወቂያ ሊጠየቅ ይችላል፤ የአንድ ሰው መታወቂያ መጥፋት የሁሉንም ሰዓት ይበላል።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሱ። የሕዝብ መኪና ከሆነ ደግሞ መናኸሪያው ከዚያም ቀደም ብላችሁ ድረሱ፤ ቀጥታ አርባ ምንጭ የሚሄደው ካመለጣችሁ በሻሸመኔና በሶዶ እየቀየራችሁ መሄድ ትችላላችሁ፣ ግን በየመናኸሪያው መኪናው እስኪሞላ መጠበቅ አለ። በሌሊት አትንዱ። ከሃላባ ወዲያ መንገዱ ላይ ከብት፣ ባጃጅና ጋሪ ይበዛል፣ ጋሪው ደግሞ መብራት የለውም። ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት አርባ ምንጭ ወዳለ ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ፤ ጥያቄው ስለ ዝናብም ስለ ጸጥታም ይሁን።

ሙዝ መግዛት ከፈለጋችሁ ምዕራብ አባያ ላይ ግዙ። የአካባቢው ምርት ነው፣ ደጋው ላይም ለምታገኟቸው ሰዎች ጥሩ እጅ መንሻ ይሆናል፣ ሙዝ ከላይ አይበቅልምና።

5. የመጀመሪያውን ሌሊት አርባ ምንጭ እደሩ

ወደ ጨንቻ የሚገነጠለው መንገድ አርባ ምንጭ ከመግባታችሁ በፊት ስለሆነ «ለምን ዝም ብለን አንወጣም?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ደክሟችሁ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በጭጋግ ውስጥ ያን ጠመዝማዛ መውጣት አያዋጣም። አርባ ምንጭ ግቡ፣ ነዳጅ ሙሉ፣ ብር ዘርዝሩ፣ ሰውነታችሁን አሳርፉ። ከተማዋ የወባ አካባቢ ናት፤ አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ፣ ከመጨለሙ በፊት ቅባቱን ተቀቡ። ላይ ስትወጡ ብርዱ ትንኟን ስለሚያስቀር ይህ ጭንቀት ይቀራል።

6. ዳገቱን በጠዋት ውጡ

ከአርባ ምንጭ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዶርዜ ከዚያ በፊት ይደረሳል። የመጀመሪያው ክፍል ሜዳ ነው። ወደ ጨንቻ ከተገነጠላችሁ በኋላ ግን ከ20 ኪሎ ሜትር እምብዛም በማይበልጥ ርቀት ወደ 1,400 ሜትር ትወጣላችሁ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከተነሳችሁ ገበያው ሳይሞቅ ትደርሳላችሁ። በሕዝብ መኪና ከሆነ የጨንቻውን ሚኒባስ ያዙና ረዳቱን «ዶርዜ ወራጅ» በሉት።

ኩርባዎቹ ላይ ሕፃናት መኪና ሲያዩ መሐል መንገድ ገብተው ይጨፍራሉ፣ ይገለባበጣሉ፣ «ሃይላንድ» ብለው ባዶ ጠርሙስ ይለምናሉ። ምንም አትወርውሩ። አንድ ጠርሙስ ከመስኮት በወጣ ቁጥር የሚቀጥለው መኪና ፊት የሚገባው ልጅ ቁጥር ይጨምራል፣ ኩርባው ደግሞ ዓይነ ስውር ነው። ፍጥነት ቀንሱ፣ ክላክስ ንፉ፣ እጃችሁን አውለብልቡና እለፉ። ለልጆች መስጠት የምትፈልጉት ነገር ካለ ለትምህርት ቤቱ በአስጎብኚው በኩል አድርሱ።

ሐይቆቹን ለማየት ሰፋ ያለ ዳር ላይ ብቻ ቁሙ፤ ኩርባ ላይ በፍጹም። ቀላ ያለው አባያ ነው፣ ከእሱ ወዲያ ያለው ጫሞ፣ በመካከላቸው የተዘረጋው መሬት የእግዜር ድልድይ። ሐይቆቹ ከተራራው በስተ ምሥራቅ ስለሆኑ ጠዋት ፀሐዩ በፊታችሁ ይመጣል፣ ፎቶውም ይነጣል። ጠዋት በዓይናችሁ ጥገቡ፤ ፎቶውን ስትመለሱ ወይም ከሰዓት በኋላ ጭጋግ ከሌለ አንሱት።

ስትደርሱ ትንፋሽ ቢያጥራችሁ አትደንግጡ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ 1,000 ሜትር ያህል ጨምራችኋል። ለመጀመሪያው ሰዓት ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ ውኃ ጠጡ። የልብ ሕመምተኛ ወይም ነፍሰ ጡር ካለች ቁልቁለት የበዛበትን የመንደር ዙር ትታ ገበያውንና የቅርቡን ቤት ትይ። ለድንገተኛ ነገር ጨንቻ ላይ ሆስፒታል አለ።

7. መንደሩ ውስጥ አካሄዳችሁ

«ሳሮ» በሉ። በጋሞኛ ሰላምታ ነው። ታላቅን ስታገኙ ቆም ብላችሁ፣ ኮፍያ አውልቃችሁ፣ ቀኝ እጃችሁን በግራው ደግፋችሁ ጨብጡ። አማርኛ ብዙ ሰው ይናገራል፤ ቢሆንም አንዲቱ ቃል የምትከፍተው በር አለ።

አስጎብኚውን ሳትቀድሙ ሂዱ። ለእናንተ ሜዳ የሚመስለው ሁሉ ሜዳ አይደለም። ሽማግሌዎች የሚመክሩበትና የሚያስታርቁበት ቦታ «ዱቡሻ» ይባላል፤ ሳይፈቀድ አይቆረጥበትም፣ አይቀመጡበትም። ጥቅጥቅ ያለ አሮጌ ዛፍ ያለበት ቦታም ብዙ ጊዜ የተከበረ ደን ነው። ቅርንጫፍ መስበር፣ ውስጡ ገብቶ መጸዳዳት «ጎሜ» ነው፣ ማለትም በማኅበረሰቡ ላይ መዘዝ ያመጣል ተብሎ የሚፈራ ነውር። እናንተ ባታምኑበትም የሚጨነቁት እነሱ ናቸው። የእንሰቱ ጓሮም የቤቱ ጓዳ ነውና ሳይጠይቁ አይገባም።

ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ካነሳችሁ በኋላ አሳዩ። ገበያ ላይ ካሜራ ፊት ላይ ደቅኖ መሄድ ሻጮቹን ያስቆጣል፣ ቁጣው የሚደርሰውም ነገም ከነገ ወዲያም አብሯቸው በሚኖረው አስጎብኚ ላይ ነው። ያለ ፈቃድ ድሮን አታስነሱ።

8. ቤቱን ማየት

የዶርዜ ቤት በቀርከሃ እንደ ሰፌድ ተሸርቦ የሚቆም፣ በእንሰት ቅርፊትና በቀርከሃ ሽፋን የሚለብስ ነው። ከፊት ለፊቱ ወጣ ያለው መግቢያ የዝሆን ፊት እንደሚመስል ትሰማላችሁ፤ ከበላዩ ያሉት መተንፈሻዎች ዓይኖቹ ናቸው። አዲስ ሲሠራ 12 ሜትር ያህል ሊረዝም ይችላል።

ቁመቱን ከጎረቤቱ ጋር አወዳድሩ። ምስጥ የሚበላው መሬት የነካውን እግሩን ስለሆነ፣ በየጊዜው የተበላው ይቆረጣል፣ ቤቱም ያጥራል። ስለዚህ አጭር ቤት አብዛኛውን ጊዜ አሮጌ ቤት ነው፤ ባለ ቤቱን ዕድሜውን ጠይቁት፣ አሥርተ ዓመታትን ይቆጥርላችኋል። ቦታው ከተበላሸ ሰው ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ አንስቶ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። በሩ ዝቅተኛ ነውና ጎንበስ ብላችሁ፣ ቦርሳችሁን ከጀርባ አውርዳችሁ ግቡ፤ የጀርባ ቦርሳ የሽርቡን ጫፍ ይይዝና ይቀድደዋል።

ከገባችሁ በኋላ አንድ ደቂቃ ቆማችሁ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቁ። በአንድ በኩል ከብቶቹ አሉ፤ ሙቀታቸው ቤቱን ያሞቃል። መሐል እሳት አለ፤ ጭሱ ነፍሳትን ያባርራል፣ ቀርከሃውንም ያደርቃል። ፍላሽ አትጠቀሙ፤ ከብቶቹ ይደነግጣሉ። ሲጋራ ፈጽሞ አይሞከር፤ ሽፋኑ ደረቅ ነው፣ ከተያያዘ ውኃ አይደርስም። ጭሱ ካስቸገራችሁ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ከራሳችሁ በላይ ነው የሚጠራቀመው።

9. ቆጮና አረቄ

እንሰትን ከሙዝ አታምታቱ፤ ይመሳሰላሉ፣ የእንሰት ፍሬ ግን አይበላም። የሚበላው ከግንዱና ከሥሩ የሚፋቀው ነው። እናቶች በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቁታል፤ ከጭማቂው የሚዘቅጠው ነጩ ቡላ ይሆናል፣ የቀረው በቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይብላላል፣ ክሩም ቃጫ ይሆናል። እንድትሞክሩ መፋቂያው ሲሰጣችሁ ወደ ታች በረጅሙ ሳቡ፤ ካጣደፋችሁት ቃጫው ይበጠስና ከምግቡ ጋር ይደባለቃል።

ቂጣው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ይጋገራል፤ በማርና በዳጣ ይቀርባል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትቀምሱ ትንሽ ብሉ፣ በትኩሱ። ዳጣውን በጣት ጫፍ ጀምሩ። አረቄው ጠንካራ ስለሆነ አንድ መለኪያ ይበቃል። የማይጠጣ ሰው ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ «ጋላታይስ» ቢል፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው፣ ማንም አይቀየምም። ሹፌሩ ግን አንድም ጠብታ አይቅመስ። ደረጃ 12ን ስታነቡ ምክንያቱ ይገባችኋል።

10. ሸማ መግዛት

ዶርዜ የሽመና አገር ነው። ሴቶች በእንዝርት ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ድሩን በእግሩ ይከፍታል፣ ማጉን በመወርወሪያ ያሳልፋል። ሲሠራ መወርወሪያውን አትንኩበት፤ አንድ የተበጠሰ ድር መቀጠል የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ስትገዙ እነዚህን አረጋግጡ፦

ሀ. በብርሃን አንጻር ዘርጉት። በእጅ የተፈተለ ማግ ቦታ ቦታው ላይ ወፈር ቀጠን ይላል። ፍጹም እኩል ከሆነ ክሩ የፋብሪካ ነው። ይህ ማታለል ላይሆን ይችላል፣ ብዙዎች ድሩን የፋብሪካ ያደርጋሉ፤ ዋጋው ግን ልዩነቱን ማሳየት አለበት።

ለ. ከዘርፉ አንድ ክር በፈቃድ ውሰዱና ከቤት ውጭ አቃጥሉት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ ይበናል። ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ከሠራ ሰው ሠራሽ ክር ነው።

ሐ. ነጭ መሐረብ አርጥባችሁ ጥለቱን ፈተግ አድርጉት። ቀለም ከለቀቀ መጀመሪያ ስታጥቡት ነጩን ያበላሸዋል።

መ. የመጋጠሚያ ስፌቱን እዩ። የእጅ መሸመኛው ስፋት ውስን ስለሆነ ጋቢና ቡልኮ ሁለት ቁራጭ ተጋጥሞ ነው የሚሠራው። ጥለቱ ከግራና ከቀኝ እኩል ካልገጠመ ሌላ ምረጡ።

ዋጋ መከራከር አለ፣ ነውርም አይደለም። ነገር ግን አንድ ጋቢ ተፈትሎ ተሸምኖ እስኪያልቅ የሚወስደውን ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ክርክሩ ልኩን የሚያገኘው ያኔ ነው። ከሸማኔው ከራሱ ግዙ። ቤት ስትደርሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡት።

11. ማደር

ማደር የሚያስፈልገው ከ11 ሰዓት በኋላና ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ያለው መንደር ሌላ ስለሆነ ነው። ቀን የሚመጣው ጎብኚ ሲወርድ ሰዎቹ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ፤ ከብቱ ይገባል፣ ጭሱ ከየጣሪያው ይወጣል፣ ጠዋት ደግሞ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሐይቆቹ ከታች ይታያሉ። ቤት ውስጥ ከሰል ወይም ማንደጃ ለኩሳችሁ አትተኙ፤ የከሰል ጭስ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። ከበረዳችሁ ብርድ ልብስ አስጨምሩ።

12. ሲወርዱ፦ የፍሬን ጉዳይ

ይህን ክፍል ሹፌሩ ራሱ ያንብበው።

ስትወጡ በተጠቀማችሁበት ማርሽ ውረዱ፦ አብዛኛውን በሁለተኛ፣ ጠባብ ኩርባዎችን በአንደኛ። ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ ወደ ዝቅተኛው ማርሽ አውርዱት። ሞተሩ ይጮሃል፤ መጮኹ ሥራውን እየሠራ መሆኑ ነው። ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ ረግጦ መልቀቅ፣ እንደገና ረግጦ መልቀቅ እንጂ እግርን ጭኖ መውረድ ክልክል ነው። ያለማቋረጥ የተረገጠ ሸራ ይግልና መያዝ ያቆማል፤ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ከደረሰ ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይገባል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ አውጥቶ፣ መልቀቅ በዚህ መንገድ ላይ ነፍስ ያስከፍላል።

የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ከለሰለሰ፦ ሰፊ ዳር ፈልጉና ቁሙ፣ አንደኛ ማርሽ አስገቡ፣ ከጎማዎቹ ፊት ድንጋይ አድርጉ፣ ቢያንስ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ውኃ አታፍስሱበት፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል። ከባድ ሻንጣና ትርፍ ሰው ካለ ለዚህኛው ክፍል ወደ ሌላ መኪና ይዛወር። በሚኒባስ የምትወርዱም ሹፌሩ በፎሌ ሲለቅ ከሰማችሁ ዝም አትበሉ፣ «ማርሽ አስገባ» በሉት።

በሦስተኛው ቀን ከዶርዜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ከወጣችሁ ሳይመሽ ሐዋሳ ትገባላችሁ። ከ5 ሰዓት በኋላ ከወጣችሁ ግን ሶዶ ወይም ሃላባ እደሩ።

በብዛት የሚሠሩ ስህተቶች

ዶርዜን፣ የጫሞን ጀልባና ነጭ ሳርን በአንድ ቀን ማጨቅ። ጀልባውና ፓርኩ የራሳቸውን ቀን ይፈልጋሉ፤ ከጨመራችኋቸው ጉዞው አምስት ቀን ይሁን።

ኮንሶንም «እግረ መንገዳችንን» ማለት። በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የኮንሶ እርከኖችና በድንጋይ የታጠሩ መንደሮች ከአርባ ምንጭ በስተ ደቡብ ናቸው፣ መውጣትና መመለሱ ብቻ ግማሽ ቀን ይበላል። ለብቻው ሂዱበት፣ ከመሄዳችሁ በፊትም የአካባቢውን ሁኔታ አጣሩ።

ነጭ ጫማና ነጭ ሱሪ። ጭቃው ቀይ ነው።

ሳይጠየቁ አሮጌ ልብስ ማከፋፈል። ሰልፍ ያስነሳል፣ ሽሚያውን የሚያስታርቁት ደግሞ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ሽማግሌዎቹ ናቸው።

ያላችሁ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ

ዶርዜን ተዉትና ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተመልከቱ። በአለታ ወንዶ በኩል ወደ ሀገረ ሰላም ብትወጡ በሲዳማ ደጋ በቀርከሃ የተሠሩ ክብ ቤቶችንና የእንሰት ጓሮዎችን ታያላችሁ። ወይም ዲላ ድረስ ሂዱ፤ ከሐዋሳ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የጌዴኦ መልክዓ ምድር፣ ቡናው ከእንሰቱና ከትልልቅ ዛፎች ሥር እንዴት እንደሚበቅል፣ ትክል ድንጋዮቹንም ጭምር አይታችሁ በዚያው ቀን ትመለሳላችሁ። በሁለቱም መንገድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሱ፣ ዝናብ ልብስ ያዙ፣ ዲላ ላይ ወደ ትክል ድንጋዮቹ ከመውጣታችሁ በፊት አስጎብኚ ከከተማው ይዛችሁ ሂዱ፤ መገንጠያዎቹ ምልክት የሌላቸው ሊሆኑ ይችላሉ።